ለቤት ድመት የትኛው የመስኮት መቀመጫ ይሻላል? ከባሕር ዳር ቤቶች ጋር የተገናዘበ ንጽጽር

ጓደኛዬ ጣና ወለል ብሎ የሚታይበት ቤት ተከራየች። ሦስተኛ ፎቅ ነው። የሳሎኑ መስኮት ሰፊ ስለሆነ የድመቷን አልጋ እዚያ አነጠፈችላት። «እንዲህ ያለ እይታ እያላት ምን ይጎድላታል?» አለችኝ። ድመቷ ግን ለሐይቁ ጀርባዋን ሰጥታ ማዕድ ቤት ነው የምትውለው። በማዕድ ቤቷ ጠባብ መስኮት ሥር የጎረቤት ቆርቆሮ ጣሪያ አለ። እሱ ላይ ድንቢጦች ሲንጫጩ ይውላሉ።

ድመቷ ልክ ነች። የድመት ዓይን የሚወደው የቅርብ እንቅስቃሴን ነው። ሰው 30 ሜትር ላይ ለይቶ የሚያየውን ነገር ድመት ለይታ የምታየው በግምት 6 ሜትር ላይ ሲደርስላት ነው። ለእኛ ውብ የሆነው የሐይቁ አድማስ፣ ታንኳውና ፔሊካኑ፣ ለእሷ ብዥ ያለ ነገር ነው። አምስት ሜትር ላይ የምትዘል ድንቢጥ ግን ፍንትው ብላ ትታያታለች። ስለዚህ መቀመጫ ከመግዛት በፊት መስኮት መምረጥ ይቀድማል። ብዙ ሰው ገንዘቡ የሚባክነው ይህን ገልብጦ ስለሚጀምር ነው።

«ድመት አይጥ ትያዝ እንጂ ምን መዝናኛ ያስፈልጋታል?» የሚሉኝ አሉ። ግቢ ለግቢ ስታድን የምትውል ድመት እውነትም አያስፈልጋትም። ሥራዋ ይበቃታል። በር ተዘግቶባት የምትውል ድመት ግን ሌላ ናት። እኔ ሁለቱን ድመቶቼን፣ ሻሼንና ዳማን፣ የማላስወጣቸው ባጃጁን፣ የመንደር ውሾችን፣ የእብድ ውሻ በሽታንና ሰው ለአይጥ የሚያስቀምጠውን መርዝ ፈርቼ ነው። ለወፎቹም አስባለሁ። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ የተመዘገበ ሐይቅ ነው። ዳርቻው በወፍ የታወቀ ነው፤ የእኔ ድመቶች እንዲያሳድዷቸው አልፈልግም። ነገር ግን ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ነውና ቤት የምትውል ድመትም ማደን ያምራታል። የምትከታተለው ነገር ስታጣ መጋረጃ ትቧጭራለች፣ ሌሊት ትጮኻለች፣ ወይም ዝም ብላ እየበላች ትወፍራለች።

ከመምረጣችሁ በፊት የሚታዩ ነገሮች

ደኅንነት ይቀድማል። መስኮቱ ሲከፈት ድመቷን ምን ያግዳታል? የብረት ፍርግርግ የሚያግደው ሌባ ነው እንጂ ድመት አይደለም። ጭንቅላቷ ካለፈ ሌላው አካሏ ይከተላል። በከተማችን ወባ ስላለ ብዙ መስኮት ላይ የትንኝ ወንፊት ተወጥሯል። እሱንም አትመኑት። የፕላስቲኩ ወንፊት ትንኝ ይመልሳል፤ ወፍ አይታ የተወረወረች ድመት ግን ትቀደዋለች ወይም ከነፍሬሙ ትነቅለዋለች። «ድመት ምንጊዜም በእግሯ ነው የምታርፈው» የሚባለውም አያስተማምንም። ከፎቅ ወድቃ በእግሯ ብታርፍ እንኳ እግሯና መንጋጋዋ ሊሰበር፣ ሳንባዋ ሊጎዳ ይችላል።

ቀጥሎ እይታው። ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት፣ ማታ ደግሞ 11 ሰዓት ገደማ በየመስኮቱ አምስት አምስት ደቂቃ ቁሙ። ድመት በደንብ የምትነቃው በእነዚህ ሰዓቶች ነው። ምን ይንቀሳቀሳል? ወፍ፣ እንሽላሊት፣ ዶሮ፣ ቅጠል፣ ሰው ሁሉም ይቆጠራል። ማንጎ ወይም ጌሾ ያለበት ግቢ አስፋልት ከሚያይ መስኮት በብዙ ይበልጣል።

ግድግዳውንና መስታወቱን ደግሞ በእጃችሁ ዳስሱ። ጭቃ ነው ብሎኬት? መስታወቱ ለስላሳ ነው ወይስ አበባ ያለበት ሸካራ? መስኮቱ ወደ ውጭ የሚከፈት ብረት ነው ወይስ ተንሸራታች አልሙኒየም? ከታች እንደምታዩት አንዳንዱን አማራጭ ገና ሳትገዙት የሚጥለው ይህ ነው።

ፀሐይን ብዙ ሰው ይረሳታል። ባሕር ዳር ላይ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከአናታችን በስተሰሜን በኩል ናት። በቀረው ዓመት በስተደቡብ ትሆናለች። ስለዚህ ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ለድመት ገነት ነው። ወደ ምዕራብ የሚያየው ደግሞ በመጋቢት ከሰዓት በኋላ ምድጃ ይሆናል። ድመቷ ከፀሐዩ ዞር የምትልበት ጥላ ከሌለ መቀመጫው በዚያ ወር አይጠቅምም። ሻሼ ነጭ ናት። የነጭ ድመት ጆሮና አፍንጫ በፀሐይ ይቃጠላል፤ ለብዙ ዓመት ሲደጋገም ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። መስታወት ጎጂውን ጨረር በከፊል ይቀንሰዋል። በተከፈተ መስኮትና በበረንዳ ላይ ግን እንዲህ ያለችን ድመት እኩለ ቀን ላይ አታውሏት።

የቀሩት የድመቷ ዕድሜ፣ የድመቶቹ ብዛት፣ የአከራይ ፈቃድና ዋጋ ናቸው። ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ በብር አልጻፍኩም፤ በደረጃ ብቻ አስቀምጫለሁ።

አማራጮቹ

*ሰፋ ያለ የመስኮት ደፍ*

እኔ ለአብዛኛው ቤት የምመክረው ይህን ነው። የመስኮታችን ደፍ ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው፤ ድመት ትቆምበታለች እንጂ አትተኛበትም። ስፋቱ ቢያንስ 30፣ ርዝመቱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ ከደፉ ጋር ገጥሞ በሁለት የማዕዘን ብረት ማሰር በቂ ነው። አናጢ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል።

ልዩነቱ ግድግዳው ላይ ነው። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ አጭር ፊሸር ይወልቃል። ረጅም ፊሸርና ረጅም ቪቴ ይጠይቃል። ጭቃ ቤት ከሆነ ጭቃው ላይ አትምቱ። ውስጡ ያለውን ቋሚ እንጨት አንኳኩታችሁ ፈልጉና እሱ ላይ እሰሩት። ቋሚው ከመስኮቱ ከራቀ ለጣውላው ከፊት በኩል ሁለት እግር ማበጀት ይቀላል። ድመት አራት ኪሎ ብትመዝንም ዘላ ስታርፍ የምታሳድረው ጫና ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ከመልቀቃችሁ በፊት በእጃችሁ በኃይል ተጫኑት። ትንሽ ከተነቃነቀ እንደገና ይሠራ። አንድ ጊዜ የከዳትን ቦታ ድመት በቀላሉ አታምነውም።

ላዩን የተወለወለ እንጨት አታድርጉት፤ ያንሸራትታል። የአሮጌ ጋቢ ቁራጭ ወጥራችሁ ከሥር በምስማር ምቱት።

አከራይ ግድግዳ እንዳይነካ ካለ ደግሞ ይህንኑ በነጻ ማግኘት ይቻላል። ከደፉ ጋር የሚተካከል ሳጥን ወይም ኮመዲኖ መስኮቱ ሥር ማስጠጋት ነው። እንዳይገፋ ብቻ ከግድግዳው ጋር ግጥም ይበል።

*መስታወት ላይ የሚለጠፍ አልጋ*

በስልክ ምስሉን አይቶ ያልወደደው ሰው አላውቅም። በመምጠጫ ጎማ መስታወቱ ላይ ይጣበቃል፣ ድመቷ አየር ላይ የተንጠለጠለች ትመስላለች። ግድግዳ አይበሳም። ቤት ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። ጥሩ ጎኑ ይህ ነው።

ሸካራ ወይም አበባ ያለበት መስታወት ላይ ግን ጨርሶ አይይዝም። ብዙ የቆየ ቤታችን ደግሞ እንዲህ ያለ መስታወት ነው ያለው። ለስላሳውም ላይ ቢሆን አቧራና የቀን ሙቀት ጎማውን ያላላዋል። እኔ ከውጭ በሚመጣ ሰው አስመጥቼ ነበር። ሁለት ወር ጥሩ ሠራ። አንድ ሌሊት ሻሼ ተኝታበት ሳለ አንደኛው ጎማ ለቀቀ። አልተጎዳችም፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ አንሥቼ ሳስቀምጣት እንኳ ተወርውራ ነበር የምትወርደው። ጥፋቱ የእኔም ነው። ጎማውን በየሳምንቱ ነቅሎ በሙቅ ውኃ ማጠብና መስታወቱን አድርቆ መልሶ መለጠፍ ነበረብኝ። ይህን ማድረግ የምትችሉ፣ መስታወታችሁ ለስላሳ የሆነና ድመታችሁ ቀለል ያለች ከሆነች ይሠራል። ለከባድ ድመት፣ ለአሮጊት ድመትና ለሁለት ድመት አልመክረውም። መስኮቱም የሚከፈተው ክንፍ መሆን የለበትም።

*የድመት ማማ*

ገበሬው ማሽላውን ከወፍ የሚጠብቅበትን ማማ አስቡ። ከፍ ያለ፣ ዙሪያውን የሚያሳይ፣ መወጣጫ ያለው። ድመት የምትፈልገውም ይህንኑ ነው። ከፍታ ላይ ስትሆን ትረጋጋለች። ሁለት ወይም ሦስት ድመት ያለበት ቤት ደግሞ ፎቅ ፎቁን ይከፋፈሉታል፤ ጠብ ይቀንሳል።

ተገጣጥሞ የሚሸጠው ቆንጆ ነው፤ ነገር ግን በርካሾቹ ውስጥ ያለው ምሰሶ የካርቶን ቱቦ ነው። እኔ በአናጢ ማሠራቱን እመርጣለሁ። ከታች 60 በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ከባድ ጣውላ። ምሰሶው 10 ሳንቲ ሜትር የሚወፍር የደረቀ ባሕር ዛፍ። እሱ ላይ የቃጫ ገመድ ጥብቅ አድርጎ መጠምጠም። ገመዱ ቢያንስ 80 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ድረስ ይሸፈን፤ ድመት ስትቧጭር ሙሉ በሙሉ መንጠራራት ትፈልጋለች። ሶፋችሁም በዚያው ይድናል። ከላይ ሁለት መቀመጫ በኮምፔንሳቶ፣ አንደኛው ከመስኮቱ ደፍ ጋር እኩል፣ ሁለተኛው ከፍ ብሎ። ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ከሆነ ከግድግዳ ጋር በአንድ ብረት ይታሰር።

ጉድለቱ ቦታ መያዙ ነው። ጠባብ ክፍል ውስጥ ማማው መጥቶ ሰዉ ሊወጣ ይችላል።

*በሽቦ የታጠረ በረንዳ*

በረንዳ ያለው ሰው ከሁሉም የሚበልጥ ዕድል አለው። ድመቷ ማየት ብቻ ሳይሆን ታሸታለች፣ ትሰማለች፣ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ፀጉሯን ይነካታል። ከመስታወት ጀርባ ይህ የለም። ለዳማ በረንዳው ከተሠራ ወዲህ የሌሊት ጩኸቷ ቀርቷል።

ሥራው ግን ግማሽ ግማሽ አይሆንም። በቱቦላሬ ፍሬም ተሠርቶ ከመደገፊያው እስከ ጣሪያው ድረስ መዘጋት አለበት። ቀዳዳው ከ2.5 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ፣ የተበየደና ዝገት የማይዘው ሽቦ ይሁን። የዶሮ ሽቦ ይረክሳል፤ ነገር ግን ይጎብጣል፣ ሁለት ክረምት ካለፈበትም ይዝጋል። የብየዳ ሠራተኛው ሲጨርስ በዙሪያው ያለውን ክፍተት በእጃችሁ እየነካችሁ ፈትሹ። የእኔን የሠራው ሰው ከቧንቧው አጠገብ አራት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትቶ ነበር። ዳማ በመጀመሪያው ቀን አገኘችው። ደግነቱ እኔም አጠገቧ ነበርኩ።

ኮንዶሚኒየም ከሆነ መጀመሪያ የኮሚቴውን ፈቃድ ጠይቁ። ተሠርቶ አፍርሱ ከመባል ይሻላል። በረንዳው ላይ ጥላና ውኃ አይጥፋ። የክረምት ነጎድጓድ ሲጀምር ወደ ቤት አስገቧቸው። ከአበባዎቻችሁ መካከል ሊሊ ካለ አውጡት፤ የአበባው ብናኝ እንኳ የድመትን ኩላሊት ይገድላል። ኢሬትም ለድመት መርዝ ነው። በምትኩ በጣሳ ገብስ አብቅሉላቸው፤ ቡቃያውን መጋጥ ይወዳሉ።

*ወደ ውጭ የሚወጣ የመስኮት ሳጥን*

በብረትና በሽቦ ተሠርቶ ከመስኮቱ ውጭ የሚታሠር ነው። የበረንዳ ታናሽ ወንድም በሉት። በረንዳ ለሌለው የምድር ቤት ጥሩ ነው። ፎቅ ላይ ግን ብረቱን የሚይዘው ግድግዳ በጣም ጠንካራ መሆን ስላለበት ባለሙያ ሳያየው አታሠሩ። ተከራይ ከሆናችሁ እርሱት።

*የወፍ ቪዲዮ*

አንዳንድ ድመት ትወደዋለች፣ አንዳንዷ ዘወር ብላ አታየውም። መብራት ሲጠፋ ያበቃል። ለዝናባማ ቀን ግማሽ ሰዓት መሙያ እንጂ የመስኮት ምትክ አይሆንም። ቴሌቪዥኑንም በደንብ እሰሩት።

ሠንጠረዥ

| አማራጭ | ወጪ | ለማን ይሆናል | ለማን አይሆንም |
|---|---|---|---|
| ሳጥን ወይም ኮመዲኖ ማስጠጋት | የለውም | ተከራይ፣ አሮጊት ድመት | ደፉ በጣም ከፍ ያለበት ቤት |
| ሰፊ ጣውላ ደፉ ላይ | ዝቅተኛ | አብዛኛው ቤት | ግድግዳ መንካት የተከለከለበት |
| መስታወት ላይ የሚለጠፍ አልጋ | መካከለኛ | ለስላሳ መስታወት፣ ቀላል ድመት | ሸካራ መስታወት፣ ከባድ ድመት |
| ማማ በአናጢ | መካከለኛ | ሁለትና ከዚያ በላይ ድመት | ጠባብ ክፍል |
| በሽቦ የታጠረ በረንዳ | ከፍተኛ | የራስ ቤት፣ ፎቅ | ፈቃድ ያላገኘ |
| የመስኮት ሳጥን | ከፍተኛ | በረንዳ የሌለው የምድር ቤት | ተከራይ |
| የወፍ ቪዲዮ | ዝቅተኛ | ለአልፎ አልፎ | ብቸኛ መፍትሔ ለሚፈልግ |

እይታውን መፍጠር ይቻላል

መስኮታችሁ ባዶ ግድግዳ ቢያይም ተስፋ አትቁረጡ። ከውጭ በኩል ጥልቀት የሌለው የሸክላ ሳህን ውኃ ሞልታችሁ አስቀምጡ። በበጋ ውኃ ከእህል ይልቅ ወፍ ይጠራል። በየቀኑ ይደፋና ይቀየር፤ የቆመ ውኃ የትንኝ መራቢያ ነው። እህልም ከጨመራችሁ አንድ እፍኝ ዳጉሳ ወይም ማሽላ ጠዋት ብቻ ይበቃል። ማታ የተረፈው ይጠረግ፤ አለዚያ አይጥ ይሰበስባል።

ሳህኑ የሚቀመጥበት ርቀት ወፎቹን ያድናል ወይም ይገድላል። ወይ ከመስታወቱ ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት ይሁን፣ ወይ ከአሥር ሜትር በላይ ይራቅ። መካከሉ ላይ ሲሆን ወፏ ደንግጣ ስትነሣ ፍጥነት ይዛ መስታወቱን ትመታለች። ለድመቷ የሚመቸው ቅርቡ ነው።

እይታ ጉዳት የሚሆንበት ጊዜ አለ

አንድ ሰሞን የጎረቤት ወንድ ድመት አጥራችን ላይ መቀመጥ ለመደ። ዳማ መስኮቱ ላይ ሆና አየችው። ጭራዋ አበጠ፣ አጉረመረመች። እሱን ማግኘት ስላልቻለች ዞራ አጠገቧ የተኛችውን ሻሼን ያዘቻት። ለአራት ቀን በተለያየ ክፍል ነው ያኖርኳቸው። እንዲህ ሲሆን በእጅ መሀል አትግቡ፤ እናንተንም ትነክሳለች። ትራስ ወይም ወፍራም ጨርቅ በመካከላቸው አስገቡና ለዩዋቸው። ከዚያ የመስኮቱን የታችኛውን ግማሽ በጋዜጣ ወይም በወረቀት ሸፍኑ። ወፍ ከላይ ይታያታል፣ አጥሩ አይታያትም። መስኮቱ አጠገብ ሽንት መርጨት ከጀመረችም ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የውጭ ድመት ነው።

ሌላው የምታያትን ወፍ አለመያዝ የሚያመጣባት ብስጭት ነው። ጥርሷን እያንቀጫቀጨች ስታይ መቆየቷ የተለመደ ነው። ነገር ግን ከመስኮት ስትወርድ ዐሥር ደቂቃ በላባ ወይም በክር አጫውቷትና በመጨረሻ እንድትይዘው ተዉላት። ወዲያው ምግቧን ስጧት። ስታድን፣ ስትይዝ፣ ስትበላ፣ ራሷን ስትልስ፣ ከዚያ ስትተኛ ቀኗ ሙሉ ይሆንላታል። ክሩን ግን ከጨዋታው በኋላ ደብቁት፤ ከዋጠችው አንጀቷን ይቆራርጠዋል።

እንደ ሁኔታችሁ

ግቢ ያለው ጭቃ ቤት ተከራይታችሁ ከሆነ ምንም አትግዙ። ግቢውን የሚያየው መስኮት ሥር ሳጥን አስጠጉ፣ ውጭ የውኃ ሳህን አኑሩ። ትርፍ ገንዘብ ካላችሁ መስኮቱን በብረት ወንፊት አስለብጡት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው የወባ ወቅት ለእናንተም ይጠቅማል።

ፎቅ ላይ ከሆናችሁ ገንዘባችሁን በመቀመጫ ላይ ሳይሆን በመከለያው ላይ አውጡ። መስኮቱ ሳይከለል ምንም መቀመጫ አታስጠጉለት፤ ድመቷን ወደ አደጋው መጥራት ይሆናል።

ሁለት ድመት ካለ ማማ፣ ወይም በሁለት የተለያየ መስኮት ሁለት ጣውላ። አንድ መቀመጫ ለሁለት ድመት ጠብ መግዛት ነው።

ድመታችሁ አርጅታ ከሆነ ከከፍታው ይልቅ መወጣጫው ይታሰብበት። ዱካ፣ ከዚያ ሳጥን፣ ከዚያ ደፍ። እርምጃው ከ30 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። ስትዘል የምታመነታ ወይም መስኮቷን በድንገት የተወች ድመት መገጣጠሚያዋን ሊያማት ስለሚችል ለእንስሳት ሐኪም አሳይዋት።

ሐይቁ ዳር ያላችሁ ደግሞ የሳሎኑን መስኮት ለራሳችሁ አድርጉት። ጓደኛዬ በመጨረሻ ማዕድ ቤቷ ውስጥ አንድ ጣውላ አስመታች። ከዚያ በፊት ግን መስኮቱን በብረት ወንፊት አስዘጋች። ቡና ስታፈላ ድመቷ እዚያው ቁጭ ብላ የቆርቆሮውን ድንቢጦች ትቆጥራለች።